የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ከዓሣ ነባሪ ቅኝት ጋር ትሂድ ወይስ ከዳር ሆና ትተንትን?

ጥያቄ፦

የተከበሩ አማካሪ፣ በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ በሕክምና ጥናት ክፍል ውስጥ በመረጃ ተንታኝነት ስሠራ ቆይቻለሁ። ሥራዬን አልጠላውም፤ ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚስበኝ የባሕርና የዱር እንስሳት ጉዳይ ነው፤ ስታቲስቲክስን ከሥነ ምህዳር ጋር አጣምሮ የሚሠራ የሙያ ዘርፍ መኖሩን ካወቅሁ ወዲህም ሐሳቤ ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። አሁን ሁለት የዶክትሬት ዕድሎች ቀርበውልኛል። አንደኛው በሒሳብ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በእንስሳት ላይ ከሚታሰሩ የሳተላይት መከታተያዎች ለሚገኝ መረጃ አዲስ ሞዴል ማበጀት ነው፤ መረጃው ተሰብስቦ ያለቀ ነው። ሁለተኛው በአንድ የባሕር ጥናት ተቋም ውስጥ ሆኖ፣ ዓሣ ነባሪዎችን ከመርከብ ላይ በዓይን፣ ከውኃ በታች ደግሞ በድምፅ እየተከታተሉ ብዛታቸውን መገመት ነው፤ ቅኝቱ ገና አልተጀመረም። ባዮሎጂ በዩኒቨርሲቲ አልተማርኩም፤ መርከብ ላይ ስወጣም ያጥወለውለኛል። በዘርፉ ያለች አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ «ባዮሎጂስቶቹ ባሕር ላይ ይውላሉ፣ አንቺ የእነርሱን ቁጥር ስታጠሪ ትኖሪያለሽ፣ ስምሽም በጸሐፊዎቹ ዝርዝር መካከል ተቀብሮ ይቀራል» ትለኛለች። የትኛውን ብመርጥ ይሻለኛል? ወይስ ጭራሹን ባልገባበት ይበጀኛል?

«ሁለት መንገድ» ነኝ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ መልሴን ከጓደኛዎ ማስጠንቀቂያ እጀምራለሁ፤ ካነሷቸው ስጋቶች ሁሉ ክብደት ያለው እርሱ ነውና። የነገረችዎ ሐሰት አይደለም። በዚህ ዘርፍ ዓመታትን አሳልፈው፣ የሌሎችን ሠንጠረዥ ከማጥራትና ገምጋሚ በጠየቀ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ስሌት ከመሥራት ያለፈ ድርሻ ሳያገኙ የቀሩ ስታቲስቲሺያኖች አሉ። ይሁን እንጂ የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የባዮሎጂስቶቹ ንቀት ሆኖ አላገኘሁትም፤ ምክንያቱ ባለሙያው ወደ ሥራው የገባበት ሰዓት ነው። መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የተጠራ ሰው የሚጠየቀው «ከዚህ ምን ይወጣል?» ተብሎ ነው። መርከቡ ከወደብ ከመነሣቱ በፊት ከሌሎቹ ጋር የተቀመጠ ሰው ግን ምን ማወቅ እንደሚፈለግ፣ ለዚያም የት፣ መቼና ስንት ጊዜ መሄድ እንደሚገባ አብሮ ይወስናል፤ የወሰነውን ሰው ደግሞ በጽሑፉ መካከል መቅበር አይቻልም። ሁለተኛውን ዕድል እንዲቀበሉ የምመክርዎ በዋናነት ደብዳቤዎ ውስጥ በጨረፍታ ስላነሷት አንዲት ሐረግ ነው፤ ቅኝቱ ገና አልተጀመረም ብለዋል።

ይህ ለምን ያን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለመረዳት የዘርፉን መሠረታዊ ችግር መመልከት ያስፈልጋል። እርስዎ በለመዱት የሕክምና ጥናት ውስጥ ተሳታፊው ስምና መዝገብ አለው፤ ከክትትል ቢጠፋ እንኳ የጠፋበት ቀን ይታወቃል። ባሕር ላይ ግን ከሚጠኑት እንስሳት አብዛኞቹ ጨርሶ አይታዩም፤ ያልታዩት ስንት እንደሆኑ የሚናገር መዝገብም የለም። ስፐርም ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ ምግቡን ፍለጋ ሲጠልቅ ብዙ ጊዜ 45 ደቂቃ ያህል ከውኃ በታች ይቆያል፤ በ10 ኖት ፍጥነት የሚጓዝ የቅኝት መርከብ በዚያ ጊዜ ውስጥ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይሄዳል። የኩቪዬ ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ይፋ በሆነ ጥናት አንዱ 222 ደቂቃ ሳይተነፍስ እንደቆየ ተመዝግቧል። እንግዲህ ተመልካቾቹ የቱንም ያህል ትጉ ቢሆኑ፣ መርከቡ በላያቸው አልፎ የሄደና አንድም ጊዜ ያልታዩ እንስሳት ብዙ ናቸው። የሙያዎ ዋና ሥራ የታዩትን መቁጠር አይደለም፤ እርሱን ማንም ይቆጥራል። የእርስዎ ሥራ የታዩት ከጠቅላላው ምን ያህሉ እንደሆኑ ማወቅ ነው።

አንድ እንስሳ ሳይታይ የሚቀረው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም ከውኃ በታች ስለነበረ፣ አንድም ላይ ወጥቶ ሳለ ተመልካቹ ስላላስተዋለው። ሁለቱ ከመርከቡ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይምሰሉ እንጂ መፍትሔያቸው ይለያያል። ለመጀመሪያው፣ በእንስሳቱ ላይ ከሚለጠፉ መሣሪያዎች የጠለቁበትንና ላይ የቆዩበትን ጊዜ የሚያሳይ መረጃ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ደግሞ በአንድ መርከብ ላይ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ሁለት የተመልካች ቡድኖች ተቀምጠው፣ አንዱ ያየውን ሌላው ምን ያህል ጊዜ እንደሳተው መመዝገብ አለበት። ሁለተኛው ቡድን የሚቀመጥበት ቦታ በመርከቡ ላይ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ወይም በጀቱ ሲነደፍ ለተጨማሪዎቹ ሰዎች አልጋ ካልተያዘ፣ በኋላ የትኛውም ሞዴል ያንን ክፍተት ሊሞላው አይችልም። ያን ጊዜ የሚቀረው ግምት ላይ ግምት መደረብ ነው፤ ጓደኛዎ የምትለው የማጥራት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

የስታቲስቲክስ ባለሙያው ስቲቭን ባክላንድና ባልደረቦቹ ያደራጁትና ዛሬ በባሕርም በየብስም በሰፊው የሚሠራበት የርቀት ናሙና ዘዴ ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ የተበጀ ነው። መርከቡ ወይም ሰውየው አስቀድሞ በተነደፈ ቀጥታ መስመር ይጓዛል፤ እያንዳንዱ እንስሳ ሲታይ ከመስመሩ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ይመዘገባል። በመስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ይታያል ተብሎ ስለሚታሰብ (ጠልቀው የሚያመልጡት ከላይ ባልኩት መንገድ ለብቻ ይታረማሉ)፣ ርቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የታዩት ቁጥር የቀነሰበት መጠን ሳይታዩ የቀሩትን ይነግረናል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ተመልካቹ አንግሉን በመሣሪያ መለካት ሰልችቶት ከፊት ለፊቱ ያየውን ሁሉ «ዜሮ» ብሎ ከመዘገበ፣ ርቀቶቹ በመስመሩ ላይ ይከመራሉ፤ የታየው ስፋት ከእውነቱ የጠበበ ይመስላል፤ የእንስሳቱም ብዛት ያለ አግባብ ያብጣል። ዶልፊኖች የመርከቡን አፍንጫ ተከትለው መጫወት ስለሚወዱ፣ ከሩቅ ሆነው ሳይታዩ ቀርበው ከተመዘገቡ ያው ስህተት ይደገማል። የመታየት ዕድልን በአግባቡ ለመገመት ደግሞ ቢያንስ ከ60 እስከ 80 የሚደርሱ ዕይታዎች እንዲገኙ ይመከራል፤ ስለዚህ የመስመሮቹ ጠቅላላ ርዝመት ስንት መሆን እንዳለበት የሚሰላው ከጉዞው በፊት ነው። እነዚህን ነገሮች ከመጻሕፍት መማር ይቻላል፤ ነገር ግን ድካም በበዛበት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ውኃው ላይ እያንጸባረቀች፣ ሰው መሣሪያውን ትቶ በዓይኑ መገመት እንደሚጀምር ያየ ሰው መረጃውን የሚያነብበት ዓይን ይለወጣል።

ስለ ማጥወልወሉ የምለው አጭር ነው። ብዙ የባሕር ተመራማሪዎች ያጥወለውላቸዋል፤ ሐኪምዎን አማክረው መድኃኒት ይያዙ፤ ሥራዎ ሙሉ በሙሉ ባሕር ላይ እንዲሆን የሚጠብቅዎ ሰውም የለም። ቢያንስ አንድ ጊዜ ግን ከቅኝቱ ጋር ይውጡ፤ ከተመልካቾቹ ቦታ ተቀምጠውም ራስዎ ይመዝግቡ።

ወደ ድምፁ ክፍል ስመጣ፣ ሁለተኛው ዕድል ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያጓጓኝ በዚህም በኩል ነው። ቫኪታ የተባለችውን፣ በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ብቻ የምትኖረውን ትንሿን የዶልፊን ዘመድ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1997 በመርከብ በተደረገው ቅኝት ብዛቷ 567 ያህል ተብሎ ተገመተ፤ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ የሚታሰበው ወሰን፣ ግን ከ177 እስከ 1,073 ይደርስ ነበር። በ2008 ግምቱ 245 ሆነ። በእንዲህ ያለ ሰፊ ክልል መካከል ሆኖ ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት በስንት እንደወረደ መናገር አስቸጋሪ ነው፤ እንስሳቱ እየቀነሱ በሄዱ ቁጥር ደግሞ ከመርከብ ላይ የሚገኘው ዕይታ እጅግ ይመናመናል፤ መረጃው የሚጠፋው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ2011 ጀምሮ በየቦታው የተተከሉ የውኃ ውስጥ ድምፅ መቅረጫዎችን በመጠቀም እንስሳቱ መንገዳቸውንና ምግባቸውን ለማግኘት የሚያሰሙትን ድምፅ ይመዘግቡ ጀመር፤ ከዚህም እስከ 2015 ድረስ ቁጥሯ በዓመት በአማካይ 34 በመቶ ያህል መቀነሱ ታወቀ። በ2015 ግምቱ 60 ገደማ፣ በ2016 ደግሞ 30 ገደማ ነበር። የገደላት ቶቷባ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚዘረጋው መረብ ነው፤ ይህን ለማወቅ ስታቲስቲክስ አላስፈለገም። ስታቲስቲክስ ያስፈለገው የጥፋቱን ፍጥነት ማንም ሊክደው በማይችል መልክ ለማሳየት ነበር። ይህም የሆነው ሰዎቹ ያረጀውን ዘዴ በተራቀቀ ሒሳብ ከመጠገን ይልቅ መረጃው የሚሰበሰብበትን መንገድ ራሱን ስለለወጡ ነው። ወደ መጥፋት መቃረቧን ማሳየት እርሷን ለማዳን አለመብቃቱ የሚያሳዝን ነው፤ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ይህንንም ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል።

ሰው ስለ ጥንቃቄ ሲያወራ ባዶ ወግ የሚመስልዎ ከሆነ፣ የኒውፋውንድላንድን የኮድ ዓሣ ታሪክ ያስታውሱ። በ1980ዎቹ የክምችቱ ግምት በከፊል የተመሠረተው የንግድ መርከቦች በአንድ የተወሰነ የሥራ መጠን፣ ለምሳሌ በአንድ ሰዓት፣ በሚያጠምዱት ዓሣ ላይ ነበር። አጥማጆች ግን ዓሣ በዘፈቀደ አይፈልጉም፤ ዓሣው ወዳለበት ይሄዳሉ፤ መሣሪያቸውም በየዓመቱ ይሻሻላል። ዓሣው ቁጥሩ እያነሰ በተረፉት ቦታዎች ሲከማች፣ የመርከቦቹ ምርት ግን እንዳማረበት ቆየ። የምርምር መርከቦች የሚያገኙት ውጤት ዝቅ ያለ ሥዕል ያሳይ ነበር፤ ሁለቱ መረጃዎች ሲቀላቀሉ ግምቱን የንግዱ መረጃ ወደ ላይ ሳበው። በሐምሌ 1992 የካናዳ መንግሥት ማጥመዱን ዘጋ፤ 30,000 ያህል ሰዎችም ሥራ አጡ። እዚህ ላይ ስህተቱ ቀመሩን አስልቶ ካለመጨረስ አልመጣም፤ መረጃው እንዴት ወደ ሠንጠረዡ እንደገባ በበቂ ካለመጠየቅ የመጣ ነው። ተሰብስቦ ያለቀ መረጃ ሲቀርብልዎ ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት እንዳለዎ አይርሱ፤ መልሱን ለማግኘት ግን ሰብሳቢውን በሩቁ ከሚያውቅ ይልቅ አብሮት የዋለ ሰው ይቀናዋል።

ባዮሎጂ አለመማርዎ ያን ያህል አያሳስበኝም። እንዲያውም ከሕክምናው ይዘውት የሚመጡት ዕውቀት ከሚገምቱት በላይ ነው። አንድ የምርመራ ዘዴ በሽታው ያለበትን ሰው «የለበትም» ሊል እንደሚችል ያውቃሉ፤ አንድ እንቁራሪት በአንድ ኩሬ ውስጥ እያለች ተመራማሪው ሳያገኛት ሲቀር ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው፤ ከ2002 ወዲህ በሰፊው የተሠራበት የመኖሪያ ሥፍራ ሞዴልም አንድን ቦታ ደጋግሞ በመጎብኘት ይህንን የመሳት ዕድል ለይቶ ይገምታል። በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ላይ ያሉ ሕሙማንን አነጻጽሮ በሁለቱም ያልተመዘገቡትን መገመት ከእንስሳቱ ዘርፍ ወደ ሕክምናው የተሻገረ ዘዴ ነው፤ ዴንማርካዊው ዮሐንስ ፔተርሰን በ1896 በዓሣ ላይ ምልክት አድርጎ መልሶ በመያዝ፣ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ሊንከን ደግሞ በ1930 ቀለበት በታሰረባቸው ዳክዬዎች አማካይነት ተጠቅመውበታል። የዕድሜ ትንተናን፣ ማለትም ሕሙማን ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደሚቆዩ መገመትን፣ የለመደ ሰው ደግሞ ስታቲስቲሺያኖቹ ኮርማክ በ1964፣ ጆሊና ሴበር በ1965 ያቀረቧቸውን ሞዴሎች ሲያነብ እንግድነት አይሰማውም። እንስሳው ሞቶ ነው የጠፋው ወይስ በሕይወት እያለ አልታየም? ሞዴሎቹ የሚለዩት ይህንን ነው።

የልዩነቱን ዋጋ በሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል ላይ ማየት ይቻላል። እነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ራሳቸው ላይ ባለው ሻካራ ቆዳ ቅርጽ አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ፎቶግራፋቸውም ለአሥርተ ዓመታት ተሰብስቧል። በየዓመቱ የታዩትን ብቻ ብንቆጥር፣ ቁጥሩ ሲወርድ እንስሳቱ ሞተው ይሁን ወደ ሌላ ባሕር ሄደው ይሁን አንለይም። በ2017 የታተመው ትንተና የመታየትን ዕድል ከመሞት ዕድል ለይቶ፣ ብዛታቸው በ1990 ከነበረበት 270 በ2010 ወደ 483 አድጎ፣ ከዚያ ወዲህ ግን እየቀነሰ በ2015 ወደ 458 መውረዱን አሳየ። ፎቶግራፎቹን ያነሡት የባሕር ሰዎች ናቸው፤ መቀነሱን እርግጠኛ ሆኖ መናገር የተቻለው ግን በሞዴሉ ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች እርስ በርስ የማይተካኩ መሆናቸውን ለጓደኛዎ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከባዮሎጂ የሚያስፈልግዎ ስለ አንድ ወይም ሁለት ዝርያዎች ጠለቅ ያለ ዕውቀት ነው፤ እንዴት እንደሚጠልቁ፣ በቡድን ይሁን በተናጠል እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚወልዱ፣ ድምፅ የሚያሰሙት ሁልጊዜ ይሁን አንዳንዴ። የመጨረሻው ለድምፅ ቆጠራ ወሳኝ ነው፤ ዝም ያለ እንስሳ ለመቅረጫው እንደሌለ ይቆጠራልና። ይህን በአንድ ዓመት ንባብና ባለሙያዎቹን በመጠየቅ ያገኙታል። ባዮሎጂስቶች ስለ እንስሳቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ «መረጃውን ላኩልኝ» ብሎ ከሚጀምር ስታቲስቲሺያን ይልቅ «ይህ እንስሳ ሌሊት ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጀምረውን ያከብራሉ።

ለመጀመሪያው ዕድልም ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። የእንቅስቃሴ መረጃ ትንተና በአሁኑ ሰዓት በዘርፉ ውስጥ ካሉት ለም መስኮች አንዱ ነው። ከሳተላይት የሚመጣው የቦታ መረጃ አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል፣ እውነተኛውን ጉዞ ከስህተቱ መለየት ራሱ ቁም ነገር ያለው የሒሳብ ሥራ ነው፤ ከጉዞው ቅርጽ ተነሥቶ እንስሳው እየበላ ይሁን እየተጓዘ መለየት የሚያስችሉት ስውር የማርኮቭ ሞዴሎችም በጣም ይስቡኛል። በንድፈ ሐሳብ መጠንከር የሚፈልግ፣ ሥራውን በጸጥታ በጠረጴዛው ላይ መሥራት የሚወድ፣ ምናልባትም ኋላ ከሥነ ምህዳር ወደ ሌላ መስክ መሸጋገር የሚሻ ሰው ያንን ቢመርጥ ትክክል ነው። እርስዎ ግን የጻፉልኝ ከመረጃ ተንታኝነት ወንበር ላይ ሆነው እንስሳቱን ስለናፈቁ ነው፤ ወደ ሌላ የመረጃ ተንታኝነት ወንበር መዛወር ናፍቆቱን የሚያስታግስልዎ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዕድል አንድ እውነተኛ አደጋ አለው፤ በባሕር ተቋም ውስጥ ብቸኛ ስታቲስቲሺያን ሆነው መቅረት። ብቸኛ ሰው ሁሉም ይጠይቀዋል፣ እርሱ ግን የሚጠይቀው የለውም። በመሆኑም ከመፈረምዎ በፊት ከስታቲስቲክስ ክፍል ሁለተኛ አማካሪ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቅርርብ ተቋማዊ መልክ ሰጥቶታል፤ የሥነ ምህዳርና የአካባቢ ሞዴል ምርምር ማዕከሉና የባሕር አጥቢ እንስሳት ምርምር ክፍሉ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው፤ በዘርፉ ብዙ የሚሠራባቸው ዘዴዎችና ሶፍትዌሮችም ከዚያ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ጉርብትና በማይገኝበት ቦታ፣ አማካሪው በሌላ ከተማ ቢሆንም በየወሩ ሥራዎን የሚያይልዎ ሰው መኖሩ ግድ ነው።

የሠሩት ቁጥር ከወረቀት ወጥቶ ምን እንደሚያደርግ ማወቅም ይገባዎታል፤ ይህን ሳላነሣ ስለ ሙያው ብናገር ግማሹን ደበቅኩ ማለት ነው። በአሜሪካ በ1972 የወጣውና በ1994 የተሻሻለው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ፣ በሰው ድርጊት ምክንያት ከአንድ ክምችት (በአንድ አካባቢ ከሚኖሩ የአንድ ዝርያ እንስሳት) በዓመት ስንት እንስሳት ቢሞቱ ክምችቱ ሊቋቋመው እንደሚችል የሚያሰላ ቀመር አለው። ቀመሩ የሚነሣው ከዋናው ግምት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ዝቅ ከተደረገ ግምት ነው፤ በአሠራሩም ይህ የግምቱ ስርጭት 20ኛው መቶኛ ላይ የሚገኘው፣ ማለትም እውነተኛው ብዛት ከእርሱ የመብለጥ ዕድሉ 80 በመቶ ያህል የሆነው ቁጥር ነው። እርሱ በክምችቱ ከፍተኛ የዕድገት መጠን ግማሽ ይባዛል፤ ለዓሣ ነባሪዎችና ለዶልፊኖች የተለየ መረጃ ከሌለ ከፍተኛው 4 በመቶ ተደርጎ ይወሰዳል። በመጨረሻም ከ0.1 እስከ 1 በሚደርስ የማገገሚያ መጣኝ ይባዛል። አሁን ግምትዎ 1,000 እንስሳት፣ መጣኙም 0.5 ነው እንበል። መደበኛ ስህተቱ፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል የሚያሳየው ልክ፣ የግምቱ 20 በመቶ ከሆነ ዝቅተኛው ግምት 846 ገደማ ይሆናል፣ የሚፈቀደውም ሞት በዓመት 8 ተኩል ያህል ነው። መደበኛ ስህተቱ 80 በመቶ ከሆነ ግን ዝቅተኛው ግምት ወደ 553 ይወርዳል፣ የሚፈቀደውም ወደ 5 ተኩል። በባሕሩ ውስጥ ያለው እንስሳ አንድም አልቀነሰም፤ ቅኝቱ ስለሳሳ ብቻ አጥማጆች ላይ የሚጣለው ገደብ ጠበቀ። ስለዚህ አጥማጆቹም፣ ተቆርቋሪ ድርጅቶቹም፣ ባለሥልጣናቱም የእርስዎን የመተማመኛ ክልል እየተሻሙ ያነቡታል፤ እያንዳንዱም ከክልሉ ውስጥ የሚመቸውን ጫፍ ይዞ ይሄዳል። ሁለቱንም ጫፎች ሳይደብቁ መናገርና በጫናው ምክንያት ክልሉን አለማጥበብ የዚህ ሙያ ሥነ ምግባር ዋና ክፍል ነው።

ለዚህ ጫና ከሁሉ የሚጠቅምዎ ልማድ፣ ዘዴዎን እውነቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት፣ በኮምፒውተር በፈጠሩት መረጃ ላይ መፈተን ነው። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን በ1994 የተቀበለው የማጥመጃ ኮታ ማስሊያ እንዲህ የተፈተነ ነበር፤ የብዛት ግምቱ ቢዛባስ፣ ክምችቶቹ ከታሰበው በላይ ቢከፋፈሉስ፣ አካባቢው ቢለወጥስ እየተባለ በብዙ ምናባዊ ሁኔታዎች ተሞክሯል። እርስዎም የቅኝቱን ንድፍ ገና በመጀመሪያው ዓመት በዚህ መንገድ ይሞክሩት። አር የተባለው ነጻ የስሌት ሶፍትዌር ለዚህ ይበቃል፤ ሌላ ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም።

ስለ ኑሮው ደግሞ ሳላሳምር ልንገርዎ። ከዶክትሬት በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙዎች የአጫጭር ኮንትራት ጊዜ ነው፤ የድኅረ ዶክትሬት ሥራ በአብዛኛው ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ሲሆን፣ ሰውን ከአገር አገር ያንከራትታል፤ ቤተሰብ ለመመሥረት ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ከባዮሎጂስቶቹ ጋር ሲነጻጸር ግን የእርስዎ ዕድል የሰፋ ነው። የመንግሥት የዓሣ ሀብት ላቦራቶሪዎች፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችና በባሕር ላይ ለሚተከሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች መቁጠር የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ዘዴዎቹም ከባሕር ወደ የብስ ይሻገራሉ፤ በ2016 ይፋ የሆነውና በ18 የአፍሪካ አገሮች በተካሄደው የአየር ቅኝት 352,271 የሳቫና ዝሆኖችን የገመተው ቆጠራም የቆመው መስመርን በመንደፍና የሚታየውን ከማይታየው በመለየት ሙያ ላይ ነው። ወደ ሕክምናው መመለስ ቢያምርዎ እንኳ በሩ አይዘጋብዎትም።

ስምዎ በዝርዝር መካከል እንዳይቀበር የሚደረገው ጥረት ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሲጀመር መሆን አለበት። ከቅኝቱ ምን ምን ጽሑፎች እንደሚወጡ፣ የትኛውን ማን በዋና ጸሐፊነት እንደሚመራ፣ የሚሠሩት ሶፍትዌር በማን ስም እንደሚወጣ በጽሑፍ ይስማሙ። የሶፍትዌሩ ነገር በተለይ አይናቅ፤ ሌሎች የሚጠቀሙበት ጥቅል መሥራትና መንከባከብ ብዙ ጊዜ ይበላል፤ ለዕድገት ግምገማ ግን እንደ ጽሑፍ ሁልጊዜ አይቆጠርም።

እንግዲህ ለባሕር ተቋሙ አማካሪ ዛሬ ደብዳቤ ይጻፉና ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የቅኝት መስመሮቹ ተነድፈው አልቀዋል ወይስ ገና ናቸው፤ በመርከቡ ላይ ሁለት ነጻ የተመልካች ቡድኖች የሚቀመጡበት ቦታና በጀት አለ ወይ፤ የድምፅ መቅረጫዎቹ የት እንደሚተከሉ ሲወሰን እርስዎ በስብሰባው ይኖራሉ ወይ። በሦስቱም ላይ ገና የሚመከርበት ነገር ካለ፣ ያለ ማቅማማት ይፈርሙ። መርከቡ ተከራይቶ፣ መስመሩ ተሰምሮ፣ የመቅረጫዎቹም ቦታ ተቆርጦ ካለቀና እርስዎ የሚጠበቁት መረጃው ሲመጣ ብቻ ከሆነ ግን፣ በሁለቱ ዕድሎች መካከል ያየሁት ዋና ልዩነት ጠፍቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ምክሬን ለውጬ የሒሳቡን ክፍል ይምረጡ እላለሁ፤ እዚያ ቢያንስ የሞዴሉ ባለቤት እርስዎ ይሆናሉ።